‹‹ድንጋይ ነው የምታበላው?›› - ዓሣ የሌለበት ትንሽ የኮራል አኳሪየም አመጋገብና አያያዝ

አማቴ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ መጥተው እኛ ዘንድ በከረሙበት ሰሞን ነው፡፡ ማታ ማታ የሳሎኑን መብራት አጥፍቼ፣ የእጅ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፣ አንዲት የመስታወት ማሰሮ ላይ ተደፍቼ በፕላስቲክ ጠብታ መጣያ አንዳች ነገር ሳንጠባጥብ ያዩኛል፡፡ ሁለት ሦስት ቀን በትዕግሥት አለፉኝ፡፡ በአራተኛው ቀን ግን አላስቻላቸውም፡፡

‹‹ልጄ፣ ድንጋይ ነው የምታበላው?›› አሉኝ፡፡

‹‹ድንጋይ አይደለም እማማ፣ እንስሳ ነው›› አልኳቸው፡፡

‹‹እንስሳ ከሆነ እግሩ የታለ?››

ወንበር ስቤ አጠገቤ አስቀመጥኳቸው፡፡ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ አንዱ ኮራል እንደ ክር የቀጠኑ እጆቹን ዘርግቶ፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል ሽሪምፕ ይዞ ወደ መካከሉ ሲስብና አፉን ሲከፍት ሲያዩ አማተቡ፡፡ ከዚያን ቀን ወዲህ እስኪመለሱ ድረስ እራት ሲቀርብ ‹‹ለነዚያስ ሰጥተሃቸዋል?›› ሳይሉኝ ቀርተው አያውቁም፡፡

የዚህ ዓምድ አንባቢዎች ከእኔ የለመዱት ስለ ውል፣ ስለ ይግባኝና ስለ ሕገ መንግሥት ክርክር ነው፡፡ ዛሬ መዝገቡን ዘግቼ ስለዚችው ማሰሮ ልጽፍ ነው፡፡ ምክንያቱም በኢንተርኔት ስብሰባ ላይ ከጀርባዬ ሰማያዊ ብርሃን የምትረጨውን ነገር ያዩ የሙያ ባልደረቦቼ ከአዲስ አበባም ከዱባይም እየደወሉ ይጠይቁኛል፡፡ ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው፡፡

ማሰሮዋ የእኔ ሳትሆን የልጄ ናት፡፡ እ.ኤ.አ. በ2021 ዩኒቨርሲቲ ስትገባ፣ ከዋሽንግተን አጠገብ ሜሪላንድ ውስጥ በምንኖርበት አፓርታማ ትታልኝ ሄደች፡፡ አንድ ጋሎን ማለትም 3.8 ሊትር ትይዛለች፤ አሸዋውና ድንጋዩ ቦታ ስለሚወስዱ የሚቀረው ውሃ ሦስት ሊትር ያህል ነው፡፡ ልጄ ስትሄድ የሰጠችኝ መመሪያ ሦስት ዓረፍተ ነገር ነበር፡፡ ‹‹አባዬ፣ የጎደለውን ውሃ በየቀኑ ሙላ፤ በሳምንት አንዴ አብላቸው፤ ሌላ ምንም አትንካ፡፡›› ሦስቱንም በመጀመሪያው ወር ጣስኳቸው፡፡

ለመሆኑ ኮራል ምንድን ነው? ኮራል እንስሳ ነው፡፡ እያንዳንዱ ፖሊፕ የሚባለው አካል አንድ አፍ፣ በአፉ ዙሪያ የተደረደሩ እጆችና አንድ ሆድ አለው፡፡ የሚበላውም የማይፈልገውን የሚያስወጣውም በዚያችው በአንዷ አፍ ነው፡፡ በሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች (ዋቅላሚዎች) ይኖራሉ፡፡ እነሱ ብርሃን ተቀብለው ስኳር ይሠሩለታል፣ እሱ ደግሞ ቤትና ከሰውነቱ የሚወጣ ናይትሮጅን ይሰጣቸዋል፡፡ ኪራይና ቀለብ የተለዋወጡ ጎረቤታሞች ናቸው ማለት ይቻላል፡፡ ድንጋያማ የሚባሉት የኮራል ዓይነቶች ከውሃው ካልሲየም እየወሰዱ ከሥራቸው አጽም ይገነባሉ፡፡

የልጅነቴን ጥቂት ዓመታት ምጽዋ ነው ያሳለፍኩት፡፡ አባቴ ጉምሩክ ይሠራ ነበር፡፡ የአሮጌው ከተማ ቤቶች የተሠሩት ከባህር በተቆረጠ የኮራል ድንጋይ ነውና ልስኑ በተላጠበት ግድግዳ ላይ ኮከብ ኮከብ የሚመስል ቅርጽ ይታይ ነበር፡፡ እኛ ልጆች በጣታችን እየተከተልን እንቆጥረው ነበር፡፡ ያ ኮከብ ሁሉ አንድ አንድ አፍ የነበረበት ቦታ መሆኑን ያወቅሁት ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ በልጄ ማሰሮ ነው፡፡

ኮራልን በቤት ማኖር የዛሬ ዘመን ፈሊጥ ሊመስል ይችላል፡፡ ግን አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1846 አና ታይን የተባለች እንግሊዛዊት ቶርኪ ከሚባል የባህር ዳርቻ ድንጋያማ ኮራሎች ሰብስባ ወደ ለንደን አመጣች፡፡ ባሏ በዌስትሚኒስተር አቢ ባለሥልጣን ነበሩ፡፡ ያኔ ፓምፕ የለም፣ ኤሌክትሪክ የለም፡፡ ውሃው አየር እንዲያገኝ የቤት ሠራተኛዋ በተከፈተ መስኮት ፊት ቆማ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ውሃውን እያንቆረቆረች በየቀኑ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ትገለብጠው ነበር፡፡ ኮራሎቹ ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ኖሩ፣ ተዋለዱም፡፡ ታሪክ ያስቀረው የእመቤቲቱን ስም ነው፤ ክንዱ የዛለው ግን የሠራተኛዋ ነው፡፡ ይህን ገጠመኝ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፡፡ ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1961 ሊ ቺን ኤንግ የተባለ የኢንዶኔዥያ ሰው ከባህር የወጣ ሕይወት ያለው ድንጋይ፣ ብርሃንና የአየር አረፋ ብቻ በመጠቀም ኮራል በአኳሪየም ማኖር እንደሚቻል ጽፎ አስነበበ፡፡ የልጄ ማሰሮ አሠራር ከዚያ ብዙም የራቀ አይደለም፡፡

ዓሣ ለምን አይገባም?

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው፡፡ ‹‹አንድ ትንሽዬ ዓሣ ብትጨምርበት እንዴት ያምር ነበር!›› ይላሉ፡፡ አንድ የዕቃ መሸጫ ውስጥም ሻጩ ‹‹ችግር የለውም›› ብሎ ሊያሸክመኝ ነበር፡፡ ችግር አለው፡፡ ሦስት ሊትር ውሃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ በየቀኑ መብላት አለበት፣ የበላውን ያስወጣል፣ የሚያስወጣው ደግሞ አሞኒያ ነው፡፡ ትልቅ አኳሪየም ውስጥ ብዙ ውሃና ብዙ ባክቴሪያ ስላለ መርዙ ሳይጎዳ ይመክናል፤ በማሰሮ ውስጥ ግን አንድ ቀን የተረሳ ፍርፋሪ ሁሉንም ሊጨርስ ይችላል፡፡ ይህ ሁሉ ባይኖር እንኳ ዋኝቶ የማይጠግብን ፍጥረት አራት ስንዝር በማትሞላ ቦታ መዝጋት እስራት ነው፤ ጥፋቱ ደግሞ አልተነገረውም፡፡ አንድ ቀንድ አውጣ ግን ይፈቀዳል፤ መስታወቱ ላይ የሚበቅለውን አልጌ እየላሰ ይኖራል፡፡

ነገር ግን የዓሣ አለመኖር ሌላ መዘዝ አለው፡፡ እኔም መጀመሪያ ያልገባኝ ይህ ነው፡፡ ዓሣ ባለበት አኳሪየም ኮራሎቹ ከዓሣው ምግብ ፍርፋሪና ከኩሱ ይመገባሉ፡፡ ዓሣ ከሌለ የሚያበላቸው የለም፡፡ ውሃው ከመጠን በላይ ንጹሕ ይሆንና ናይትሬቱም ፎስፌቱም ዜሮ ሲሆን ኮራሎቹ ይገረጣሉ፣ ይከሳሉ፤ ቡናማ ልጋግ የመሰለ ጥቃቅን ፍጥረት ድንጋዩንም አሸዋውንም ይለብሰዋል፡፡ ጀማሪ ይህን ቆሻሻ ሲያይ ውሃውን ይበልጥ ያጣራል፣ ምግቡን ይበልጥ ይቀንሳል፣ ነገሩ ይብሳል፡፡ የሚፈለገው ትንሽ ‹‹ቆሻሻ›› ነው፡፡ ናይትሬት በሊትር ከ2 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም ቢሆን ይስማማቸዋል፡፡ መለኪያው በቤት እንስሳት መደብር የሚሸጥ ጠብታ ነው፡፡

ስለ ውሃውና ስለ ጨው

የባህር ውሃ በኪሎ 35 ግራም ያህል ጨው አለው፡፡ ይህን የሚለካው ሪፍራክቶሜትር የተባለች አንድ ጠብታ ውሃ አኑረው በዓይን የሚያዩባት መሣሪያ ናት፡፡ ከሁሉ ቀድሞ መግዛት ያለባችሁ እሷን ነው፤ ከመብራቱም በፊት፡፡

ጨው ሲባል የወጥ ጨው የመሰለው አንባቢ ካለ ከወዲሁ ይታረም፡፡ አሞሌአችንም ሆነ አፍዴራ የሚመረተው ጨው ሶዲየምና ክሎሪን ነው፡፡ በባህር ውሃ ውስጥ ካለው ጨው 85 በመቶ ያህሉ እነዚህ ሁለቱ መሆናቸው እውነት ነው፡፡ ኮራል አጽሙን የሚሠራው ግን በቀሪው ነው፡፡ ካልሲየም (በሊትር 420 ሚሊግራም ገደማ)፣ ማግኒዢየም (1300 ገደማ)፣ ካርቦኔትና ሌሎችም ያስፈልጉታል፡፡ ስለዚህ ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀውን ድብልቅ ጨው መግዛት ግድ ነው፡፡ የሚሟሟውም በቧንቧ ውሃ ሳይሆን በዲስቲልድ ወይም በደንብ በተጣራ ውሃ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ክሎሪንና መዳብ ሊኖረው ይችላልና፡፡ መዳብ ደግሞ አከርካሪ ለሌላቸው የባህር ፍጥረታት በጣም በትንሹ እንኳ መርዝ ነው፡፡

አሁን የመጀመሪያውን ጥፋቴን ልናዘዝ፡፡ ውሃ ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም፡፡ ይህን ስምንተኛ ክፍል ተምሬ ነበር፡፡ በክረምት ቤት ማሞቂያ ሲበራ አየሩ ስለሚደርቅ ማሰሮዋ በቀን 150 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም አንድ የቡና ስኒ ተኩል ያህል ትቀንስ ነበር፡፡ እኔ ለሠርግ አትላንታ ሄጄ አራት ቀን ቆየሁ፡፡ ሂሳቡን ቆይቼ ሠራሁት፡፡ ሦስት ሊትር ውሃ ውስጥ 105 ግራም ጨው ነበረ፡፡ በአራት ቀን 600 ሚሊ ሊትር ሲተን 2.4 ሊትር ቀረ፡፡ 105 ለ2.4 ሲካፈል በሊትር 44 ግራም ሊሞላ ምንም አልቀረውም፡፡ ከዓለም ባህሮች እጅግ ጨዋማ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ቀይ ባህር እንኳ 40 አካባቢ ነው፡፡ ስመለስ ኮራሎቹ ተኮማትረው አጽማቸው ላይ ተለጥፈው አገኘኋቸው፡፡ ደንግጬ የጎደለውን ንጹሕ ውሃ በአንድ ጊዜ ቸለስኩበት፡፡ ይህ ሁለተኛው ጥፋት ነበር፤ ጨዋማነቱ ቀስ እያለ በአንድ ሙሉ ቀን መመለስ ነበረበት፡፡ ቀንድ አውጣው አልተረፈም፡፡

መድኃኒቱ ተራ ነገር ነው፡፡ መስታወቱ ላይ በውሃው ከፍታ ልክ ማጣበቂያ ፕላስተር ለጥፉ፡፡ በየማለዳው ውሃው ከፕላስተሩ ሲጎድል በንጹሕ ውሃ (ጨው በሌለበት!) ሙሉ፡፡ ክዳን ካለ ትነቱ በጣም ይቀንሳል፡፡ የእኛ ማሰሮ አሁን የአየር ቱቦዋ የሚያልፍበት ቀዳዳ ብቻ ያለው ክዳን አላት፡፡

ስለ ቀሪው ዕቃ ብዙ አልልም፡፡ ትንሽ የአየር ፓምፕ፣ አረፋውን ወደ ታች የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ፣ ውሃውን ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚይዝ ትንሽ ማሞቂያ፣ ቴርሞሜትር፣ ነጭና ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ኤልኢዲ መብራት በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ መብራቱን የሚያበራና የሚያጠፋ የሰዓት ማብሪያ፡፡ አዲስ የተዘጋጀ ማሰሮ ኮራል ከመግባቱ በፊት ባክቴሪያው እንዲደራጅ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባዶውን ይቆያል፤ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ መሆናቸው በመለኪያ ሳይረጋገጥ አይነካም፡፡ ቸኩሎ ኮራል የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ባህር ውስጥ እንደጣለ ይቁጠረው፡፡

አዲስ አበባ ሆነው ለጠየቁኝ አንድ ነገር ልጨምር፡፡ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባህር ጠለል ይልቅ ሩብ ያህል ስለሚያንስ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያነሰ ነው፡፡ አረፋው ሌሊትም ቢሆን እንዳይቋረጥ፡፡

አመጋገብ

ኮራል ለማብላት ሰዓቱ ማታ ነው፡፡ ብዙዎቹ የሚይዙበትን እጅ የሚዘረጉት ከጨለመ በኋላ ስለሆነ መብራቱ ከጠፋ ከአንድ ሰዓት በኋላ እጀምራለሁ፡፡ ምግቡ የቀዘቀዘ አርቴሚያ የሚባል የሽሪምፕ ጫጩት ነው፤ ለትላልቅ አፎች ደግሞ ማይሲስ የሚባለው ትንሽ ከፍ ያለው ዓይነት፡፡ ከማቀዝቀዣ ከወጣው ኩብ ላይ የአንድ አተር ክክ ያህል ቆርሼ በቡና ስኒ ውስጥ በራሷ በማሰሮዋ ውሃ አቀልጠዋለሁ፡፡ ከዚያም በቀጭን ወንፊት አጠልለዋለሁ፡፡ ይህ ማጥለል ትርፍ ሥራ የሚመስለው ሰው አለ፡፡ የቀለጠው ፈሳሽ ግን ኮራሉ የማይበላው፣ አልጌው የሚወደው መረቅ ነው፡፡

ከዚያ የአየር ፓምፑን አጠፋለሁ፡፡ ውሃው ከተንቀሳቀሰ ምግቡ ይበተናልና፡፡ መጀመሪያ ሁለት ጠብታ መረቅ ብቻ እለቃለሁ፤ ሽታው ሲደርሳቸው በአምስት ደቂቃ ውስጥ እጆቻቸው ይወጣሉ፡፡ የጠብታ መጣያውን ጫፍ ከኮራሉ አንድ ጣት ያህል አርቄ በቀስታ እጨምቃለሁ፤ ለእያንዳንዱ አፍ ሦስት አራት ፍሬ ይበቃዋል፡፡ ተቀባዩ ሲዘጋ ወደሚቀጥለው፡፡ ትልቅ ጉርሻ አይሰጥም፡፡ ጎራሹ ለጊዜው ይውጠዋል፣ በማግሥቱ ግን ተልቦ የመሰለ ነጭ ነገር ይተፋል፤ ያ የተተፋው በስብሶ ውሃውን ያበላሻል፡፡ የእኛ አገር የጉርሻ ባህል እዚህ አይሠራም፡፡ በመጀመሪያው ወር ‹‹ይራባቸዋል›› ብዬ በየማታው እየሰጠሁ በሦስተኛው ሳምንት ውሃው ወተት መስሎ፣ ቤቱ የበሰበሰ ዕንቁላል ሲሸት የተማርኩት ነው፡፡

ሁሉም ኮራል እኩል አይበላም፡፡ በእኛ ማሰሮ ውስጥ ዋነኛው ካውላስትሪያ የሚባለው ነው፤ እንደ መለከት ወደ ላይ ከፈት ያለ፣ አረንጓዴና ቡናማ፣ እያንዳንዱ አፍ በራሱ ቅርንጫፍ ላይ የቆመ ነው፡፡ እሱ የጠገበ ሲመስል እንኳ ይበላል፡፡ እንጉዳይ የሚመስሉት ዲስኮሶማዎች በወር አንድ ሁለቴ ቢቀምሱ አይከፋቸውም፡፡ ዞአንተስ የሚባሉት ትናንሽ የአዝራር አበቦች የደቀቀ ዱቄት ይወዳሉ፡፡ ዜኒያ የሚባለው፣ እጁን እንደ ጡጫ የሚከፍትና የሚዘጋው ደግሞ ጉርሻ አይቀበልም፤ ኑሮው በብርሃንና በውሃው ውስጥ በሟሟው ነው፡፡

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ፓምፑን አበራለሁ፡፡ በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ ውሃው ሁሉ ይለወጣል፤ ሁሉም፣ መቶ በመቶ፡፡ ትልቅ አኳሪየም ያላቸው ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ፣ እነሱ በወር አሥር ሃያ በመቶ ነው የሚለውጡት፡፡ ትንሽነት ጥቅም የሚኖረው ግን እዚህ ላይ ነው፡፡ ሦስት ሊትር ውሃ መለወጥ አሥር ደቂቃ ይፈጃል፡፡ ትርፍራፊውም ይወጣል፣ ኮራሎቹ ለአጽማቸው የተጠቀሙት ካልሲየምና ካርቦኔትም በአዲሱ ውሃ ይተካል፡፡ ለየብቻ የሚገዛ ጠብታ አያስፈልግም፡፡ ማብላትና መለወጥ የማይነጣጠሉ ናቸው፤ ሊለውጥ የማይችል ሰው አያብላ፡፡

አዲሱ ውሃ ከአንድ ቀን በፊት ተበጥብጦ፣ አየር እየተነፋበት አድሮ፣ ሙቀቱና ጨዋማነቱ ከአሮጌው ጋር ተስተካክሎ ይጠብቃል፡፡ ከሁሉ በፊት የማሞቂያው ሶኬት ይነቀል፤ ከውሃ ውጪ የቀረ ማሞቂያ ግሎ ይሰነጠቃል፡፡ ከዚያ በቀጭን ቱቦ ውሃው እስከ አሸዋው ይወርዳል፡፡ ኮራሎቹ ለጥቂት ደቂቃ አየር ላይ ቢቆዩ አይሞቱም፤ በባህር ዳር ውሃ ሲሸሽ የሚደርስባቸው ነው፡፡ በዚያች ደቂቃ በጥርስ ብሩሽ አልጌውን ከድንጋዩ ማሸት ይቻላል፡፡

መብራት ሲጠፋ

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 መጨረሻ ላይ በዋሽንግተን አካባቢ ነጎድጓድ የቀላቀለ ብርቱ አውሎ ነፋስ ተነሥቶ ዛፍ ከነሥሩ ገነደሰ፡፡ የእኛ ሕንፃ ለሁለት ቀን ያህል መብራት አጣ፡፡ እኔ የፈረቃ ልጅ ነኝ፣ ሻማውና ክብሪቱ የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ስለ ማሰሮዋ ግን ያዘጋጀሁት ነገር አልነበረም፡፡ የቤቱ ማቀዝቀዣ ቆመ፣ ፓምፑ ቆመ፣ ሙቀቱ ወጣ፡፡ በመጀመሪያው ቀን ማታ ቴርሞሜትሩ 31 ዲግሪ አለ፡፡ ሙቅ ውሃ ኦክስጅን አይዝም፤ ያለ አረፋ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፡፡ ምን ላድርግ? የአና ታይን ሠራተኛ ያደረገችውን አደረግሁ፡፡ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ በኩባያ እየቀዳሁ፣ ከፍ አድርጌ መልሼ እያንቆረቆርኩ፣ በየሰዓቱ ሌሊቱን አነጋሁት፡፡ ሁለተኛው ቀን ላይ ነው ጎረቤታችን የሰጡኝን በረዶ የሞላበት ትንሽ ጠርሙስ ከነክዳኑ ውሃው ላይ ማንሳፈፍ ትዝ ያለኝ፡፡

በሳምንቱ ካውላስትሪያው ነጣ፡፡ ከአሥራ አንዱ አፍ ሰባቱ እንደ ወረቀት ነጭ ሆኑ፡፡ ሙቀት ሲበዛ ኮራሉ እነዚያን ጎረቤት አልጌዎች ከሥጋው ያስወጣቸዋል፤ ሥጋው ብርሃን የሚያሳልፍ ስለሆነ ከሥር ያለው አጽም ይታያል፡፡ ‹‹ገደልኳቸው›› ብዬ ለልጄ ደወልኩላት፡፡ ‹‹አባዬ፣ ነጣ ማለት ሞተ ማለት አይደለም፣ ቀለቡ ተቋረጠ ማለት ነው፡፡ አንተ አብላቸው›› አለችኝ፡፡

ልክ ነበረች፡፡ ስኳር የሚሠራላቸው ስለሌለ የቀራቸው አፋቸው ብቻ ነው፡፡ በየሁለት ቀኑ ማታ፣ በጣም በትንሽ በትንሹ፣ ለእያንዳንዱ አፍ ሁለት ፍሬ አርቴሚያ እየሰጠሁ፣ ውሃውን በሳምንት ሁለቴ እየለወጥኩ፣ መብራቱን በግማሽ ቀነስኩ፡፡ አማቴ ከአዲስ አበባ በስልክ ‹‹በሉ ወይ?›› ይሉኛል፡፡ ሁለቱ አፎች በነሐሴ ሞቱ፤ አልጌ ለበሳቸው፡፡ የተቀሩት አምስቱ በመስከረም መጨረሻ ከዳር ዳር ሻይ የመሰለ ቀለም ያዙ፡፡ በኅዳር ቡናማ ሆኑ፡፡

በዚያው ወር ባህሩ ራሱ ታሞ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. ጁላይ 24 ቀን 2023 በደቡብ ፍሎሪዳ ማናቲ ቤይ የሚገኝ መለኪያ 38.4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መዘገበ፤ የሰው ትኩሳት ማለት ነው፡፡ በባህር ውስጥ ችግኝ ጣቢያ የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ኮራሎች እየተነቀሉ በየብስ ላይ ባሉ ገንዳዎች ተጠለሉ፡፡ በሚያዝያ 2024 የአሜሪካው የውቅያኖስና ከባቢ አየር አስተዳደር (ኖኣ) አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መከሰቱን አስታወቀ፤ ከ2023 ጀምሮ ባሉት ሁለት ዓመታት ከዓለም የኮራል አካባቢ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን ለመንጣት የሚያበቃ ሙቀት ነክቶታል፡፡ እዚያ ደግሞ በጠብታ መጣያ የሚያበላ የለም፡፡

አሁን በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ዓሣ አጥማጆች የሚጠቀሙበት ርካሽ የአየር ፓምፕ ከማሰሮዋ ጎን አለ፡፡ ማቀዝቀዣ ውስጥም ውሃ የሞላባት ትንሽ ጠርሙስ ሁልጊዜ አለች፡፡

አደጋውና ሕጉ

ቀጥሎ ያለውን አንባቢ እንዳይዘለው አደራ እላለሁ፡፡ ዞአንተስና ፓሊቶአ የሚባሉት ያማሩ የአዝራር ኮራሎች አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል እጅግ ብርቱ መርዝ አላቸው፡፡ መርዙ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1971 ከሃዋይ በተገኘ ፓሊቶአ ነው፡፡ በቆሰለ እጅ፣ በዓይን ወይም በእንፋሎት ይገባል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝ ኦክስፎርድሽየር አኳሪየሙን ሲያጸዳ በተነሣ መርዝ አንድ ቤተሰብ ሆስፒታል ገብቷል፡፡ ስለዚህ ጓንትና የዓይን መከላከያ ሳይደረግ ኮራል አይነካም፣ አይቆረጥም፡፡ ‹‹ልቀቅለውና ይጽዳ›› ብሎ የአኳሪየም ድንጋይ ድስት ውስጥ መጣድ ደግሞ በፍጹም! እንፋሎቱ ነው የሚገድለው፡፡ ጠብታ መጣያውም ወንፊቱም ስኒውም ከወጥ ቤት ዕቃ ጋር አይቀላቀሉም፡፡ ባለቤቴ ይህን ጉዳይ በቀይ ስክሪብቶ ጽፋ ለጥፋዋለች፡፡

ወደ ሙያዬ ልመለስ፡፡ በአደጋ ላይ ያሉ እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት (ሳይተስ) የተፈረመው እዚሁ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ ኢትዮጵያም ከ1989 ጀምሮ አባል ናት፡፡ ድንጋያማ ኮራሎች በሙሉ በስምምነቱ ሁለተኛ አባሪ ውስጥ ናቸው፡፡ ትርጉሙ ንግዱ ተከልክሏል ማለት አይደለም፤ ከአገር ወደ አገር ሲሻገሩ ከላኪው አገር ፈቃድ ሊኖራቸው ይገባል ማለት ነው፡፡ እንጉዳይ መሰሎቹና ዞአንተስ በአባሪው የሉም፡፡ ከአዲስ አበባ ‹‹በሻንጣህ ይዘህልኝ ና›› ላሉኝ ወዳጆች መልሴ እንግዲህ ይኸው ነው፡፡ ያለ ወረቀት የሚሆን ነገር አይደለም፤ የሚጠየቀውም የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፡፡ ለሽርሽር ግብፅ ሄዶ ከቀይ ባህር ዳር ቆንጆ ኮራል አንሥቶ ኪስ መክተትም ወንጀል ነው፤ ‹‹የሞተ መስሎኝ›› መከላከያ አይሆንም፡፡ እዚህ አሜሪካም በፍሎሪዳ ድንጋያማ ኮራል ከባህር መንቀል ክልክል ነው፡፡

የሚሻለው ከባህር ያልተነቀለ፣ በሰው ቤት የበቀለ ቁራጭ መግዛት ነው፡፡ ሻጩን ‹‹ከባህር ነው ወይስ የተራባ?›› ብላችሁ ጠይቁ፤ የተራባው አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል፣ የአኳሪየም ኑሮም ለምዷል፡፡ ካውላስትሪያ ለዚህ የተፈጠረ ነው፡፡ ሲጠግብ አንዱ አፍ ለሁለት ይከፈላል፣ ቅርንጫፉም አብሮ ይሰነጠቃል፡፡ ከሥጋው ዝቅ ብሎ አጽሙ ላይ በመቁረጫ ፒንሳ ይቆረጣል፣ ውሃ ውስጥም በሚደርቅ ወፍራም ሱፐር ግሉ በትንሽ ድንጋይ ላይ ይለጠፋል፡፡

እነዚያ ዘጠኝ አፎች ዛሬ አሥራ ስድስት ሆነዋል፡፡ ባለፈው የገና ዕረፍት ልጄ መጥታ ሦስቱን ቆርጣ፣ በሾርባ ቴርሞስ ውስጥ ከነውሃቸው ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች፡፡ ስትሄድም ማሰሮዋ ላይ የለጠፍኩትን የውሃ ምልክት ፕላስተር አይታ ሁለት ሚሊሜትር ዝቅ ብሏል ብላ አስተካከለችው፡፡